ሦስት ሹራብ በበጋ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ የብርቱካን ኮልድ ድሪንክ ከፈተ። ጭስስ አለ። ያ ድምፅና ተከትሎት የመጣው ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሆዴ ባባ። ሰው ለስላሳ መጠጥ ሸቶት እንባው ይመጣል? የእኔ መጣ። መስኮቱን ልክፈት ብል እንደ ወትሮው ተበላሽቷል። ስለዚህ ጆሃንስበርግ ውስጥ የምንኖርበት ሰፈር፣ ሜይፌር፣ እስክንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ሽታውን ስስብ ቆየሁ። ጎረምሳው በሻይ ማንኪያ የሚለካ ነገር እንኳ ሳያስቀር ጠርሙሱን ጨለጠው። ጎሽ አልኩት በልቤ፣ ጠጣ፣ ገና ልጅ ነህ።

እኔም ሙሽራ ሆኜ ደቡብ አፍሪካ ስመጣ ልጅ ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባለቤቴን የማውቀው በፎቶ ነው። ፎቶው ላይ የእሱ ያልሆነ ነጭ መኪና ተደግፎ ቆሟል፤ ቦርጩ የሸሚዙን ቁልፎች ወጥሯቸዋል። ፎቶው ቤታችን በመጣ ዕለት እናቴና አክስቶቼ እየተቀባበሉ አዩት። «ይኼማ ደልቶታል» አለች አንዷ አክስቴ። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጠባዩ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ቦርጩ መስክሮለት ነበር። በእኛ አገር፣ ሆሳዕና አካባቢ፣ ውጭ አገር ሄዶ የወፈረ ሰው ሥራው ሰምሮለታል፣ ሚስቱም አትራብም ማለት ነው። ሄዶ የከሳ ግን ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ከስሯል ወይ አሞታል። አሁን ሳስበው ያስቀኛል እንጂ እኔም እንደ አክስቶቼ ቦርጩን አይቼ ነው እሺ ያልኩት።

ይዞኝ የገባው ኦሬንጅ ፋርም ነው። ከከተማው በታክሲ ሄደሽ ሄደሽ፣ አሁንስ ደረስን ስትዪ ገና የምትሄጂበት ሎኬሽን ነው፤ ሎኬሽን የሚሉት ከከተማ ውጭ ያለ የድሆች ሰፈር ነው። እዚያ ትንሽ ሱቅ ነበረው፤ የምንኖረውም እዚያው ሱቁ ውስጥ ነበር። ከመደርደሪያው ጀርባ የበቆሎ ዱቄት ከረጢቶች እንደ ግድግዳ ተደርድረዋል፤ ከከረጢቶቹ ጀርባ አልጋችን አለ። ቀኑን ሙሉ የላምባ ሽታ ነው፤ ጠዋት ላይ ብቻ የዳቦ መኪናው ሲመጣ ትኩስ ዳቦ ይሸታል። ብርሃን የሚገባው በሽያጭ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ በኩል ነበር፤ ፀሐይ ስትወጣ ባለቤቴ ፊት ላይ የብረቱ ጥላ መስመር መስመር ሆኖ ያርፍበታል። ልጆች ሳንቲማቸውን በብረቱ ላይ እያንኳኩ «ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ!» ይላሉ። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ ለሁሉም ማይ ፍሬንድ ነው። እኔ ደግሞ ሲሲ ሆንኩ፣ እህቴ እንደ ማለት ነው።

ምግባችን የምንሸጠው ነበር። መስኮት ላይ ቆሞ የሚውል ሰው መቼ ያበስላል? ዳቦ ፖሎኒ በሚሉት ርካሽ ቋሊማ፣ ዳቦ በቆርቆሮ ዓሣ፣ ከማዶ ካለችው ሴትዮ ደግሞ ኮታ። ኮታ የዳቦ ሩብ ውስጡ ተፈልፍሎ በድንች ጥብስና በፖሎኒ የሚሞላ ነገር ነው፤ አንዱን የበላ ሰው ተኝቶ ማደር እንጂ ሥራ አያሰኘውም። ከጠረጴዛው ሥር ትልቁ የብርቱካን ኮልድ ድሪንክ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ባለቤቴ ውኃ ሲጠጣ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም። መጀመሪያ ለእኔ ይቀዳል፣ «ለሙሽራዬ» ይላል፣ ከዚያ የቀረውን ከነጠርሙሱ ያንጋጥጠዋል። አንድ ላይ ተቀምጠን በልተን አናውቅም፤ አንዳችን መስኮቱ ላይ መቆም አለብን። ስለዚህ ቆሞ እየሸጠ እኔ አጎርሰው ነበር። በአንድ እጁ መልስ ይሰጣል፣ አፉን ወደ እኔ ያዞራል። ደንበኞቻችን እያዩ ይስቁብናል፤ በተለይ አንዲት አሮጊት፣ ጎጎ የምንላት፣ ሳቅዋ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። ያን ጊዜ ደስተኛ ነበርኩ። ድካሙ ድካም መሆኑን ገና አላወቅኩትም ነበር።

በሽታው ሲጀምረው ውኃ ጥም ነው ብለን ተውነው። ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ደግሞ ይጠጣል። ውኃ ጥሙን የሚያስታግሰው በምን መሰለሽ? በዚያው በብርቱካኑ። ከዚያ እግሩ ላይ በጫማ የተላጠች ትንሽ ቁስል አልድን አለች። ዓይኑ ደበዘዘና የገንዘቡን ቀለም ለይቶ መልስ መስጠት ሲያቅተው እኔ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ባዶ የዳቦ ሣጥኖች መሀል ወደቀ። ጎጎ ናት ሰፈሩን በጩኸት ያናወጠችው፤ የዘመዷ ባኪ፣ ፒክአፕ መኪናው፣ መጥቶ ከኋላ አስተኝተን ክሊኒክ ወሰድነው።

የክሊኒኩ ነርስ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ነበረች። ጣቱን ወግታ ደሙን አየችና «ቡቲ» አለችው፣ ወንድሜ እንደ ማለት ነው፣ «ሹገር ነው። ኮልድ ድሪንክ፣ ፊኒሽ። ዋይት ብሬድ፣ ፊኒሽ። ፓፕ ይሄን ታህል» ብላ ጡጫዋን አሳየችው፤ ፓፕ የበቆሎ ገንፎ ነው። ሳህን አውጥታም ግማሹን በእጇ ሸፈነችና ይኼ ሁሉ አትክልት ነው አለች። ባለቤቴ ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በቋንቋችን፣ «ታዲያ ምን ብላ ነው የምትለኝ?» አለ። እንደ ልጅ ነበር የጠየቀኝ።

ሱቅና ይህ በሽታ አልተስማሙም። በሰዓቱ ብላ፣ በሰዓቱ ተኛ፣ ተራመድ ይሉታል፤ የሎኬሽን ሱቅ ደግሞ ሳይነጋ ይከፈታል፣ ሰፈሩ እስኪተኛ አይዘጋም። የቆሰለ እግር ይዞ ዳቦ መሸከም አልቻለም። ሱቁን ለአገራችን ልጅ ሸጠለት፤ የተሸጠበትም ብዙ ሳይቆይ በሕክምናና በቤት ኪራይ አለቀ። ሜይፌር አንዲት ሶማሊያዊት ግቢ ውስጥ የጓሮ ክፍል ተከራየን። ከአልጋችን ሌላ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነበረን። እኔ ከተማ መሀል ባለ የአገራችን ሰው የብርድ ልብስ ሱቅ ተቀጠርኩ። ነብርና አንበሳ የተሳለባቸው ወፋፍራም ብርድ ልብሶች ናቸው፤ ደንበኛ ሲመጣ ትዘረጊዋለሽ፣ ሳይገዛ ሲሄድ ታጥፊዋለሽ። ማታ ማታ ወገቤን የሚያመኝ እነዚያን ነብሮች ቀኑን ሙሉ ስታገል ውዬ ነው።

እሱ ቤት ቀረ። ቤት የቀረ ያበስላል፣ ሌላ ምን ይደረጋል? ግን የእኛ አገር ወንድ ማጀት አይገባም። እናቱ አንድም ቀን ድስት ክደን ብለውት አያውቁም። የመጀመሪያ ሰሞን ጎመን ሲከትፍ አከራያችን እንዳታየው መጋረጃውን ዘግቶ ነበር፤ እኔ ስመጣ ክፍሉ በእንፋሎት ታፍኖ፣ እሱ በላብ ተጠምቆ አገኘዋለሁ። ቆየት ሲል ደግሞ ባሰበት፤ ወጥ ቤቱ የእሱ፣ ሕጉም የእሱ ሆነ። ዘይት በማንኪያ፣ ጨው በሁለት ጣት፣ ቅቤ የሚባል ቃል እንኳ አይነሳም። ቀን ሙሉ ቆሜ ውዬ እገባለሁ፤ የተቀቀለ ጥቅል ጎመንና የተቀቀለ ባቄላ ይጠብቀኛል። «ለእኔ ትንሽ ጨው ብትጨምር ምን አለ?» ስለው፣ «ቤቱ አንድ ነው፣ ድስቱም አንድ ነው» ይለኛል። ደመወዙ የእኔ፣ ሆዴ ግን የእሱ ሆኖ ቀረ። አንዳንድ ቀን ተናድጄ ሳልበላ ተኝቻለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ፊቴን ሲጠባበቅ ሳየው፣ ጣፈጠኝ እለዋለሁ።

እና ከሳ። በየወሩ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። ጉንጩ ገባ፣ አንገቱ ረዘመ፣ የሠርግ ኮቱ የሌላ ሰው መሰለ። ጆሃንስበርግ ውስጥ እንኳን ደስ ያለህ ያለችው ያቺ ነርስ ብቻ ናት። ፊቷ ተፈትቶ ያየሁትም ያኔ ነው፤ «ቡቲ፣ ዩ ሉክ ላይክ ኤ ቦይ!» ብላ፣ ልጅ መስለሃል ማለቷ ነው፣ ትከሻውን መታችው። በቤተ ክርስቲያናችን ግን ሌላ ነው። እህቶች ሊጠይቁን ሲመጡ ያዩትን ማመን አቅቷቸው ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ባዶ እጃቸውንም አይመጡም፤ ለሰውነቱ ብለው ቡላ በቅቤ፣ ማልታ፣ የማንጎ ጭማቂ። ለስኳር በሽተኛ! አመስግነን ተቀብለን፣ ሲወጡ ለአከራያችን ልጆች እናድለዋለን። አንድ እሁድ ከጸሎት በኋላ አንዷ ለሌላዋ፣ «ስኳር ይሉታል እንጂ ሌላ ነው» ስትል ከጀርባዋ ቆሜ ሰማሁ። ዞር ብላ ስታየኝ ስለ ልብሴ ማማር ታወራልኝ ጀመር። ያን ቀን ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩ ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

ከሁሉ የከበደው የእናቱ ነገር ነበር። አማቴ ከሆሳዕና ወጣ ያለ ገጠር ከታናሽ እህቱ ጋር ይኖራሉ። እሁድ እሁድ ከቸርች ስንመለስ በቪዲዮ ይደውልላቸዋል፤ እህቱ ስልኩን ትይዝላቸዋለች። በሽታውንም የሱቁን መሸጥም አልነገራቸውም። «ሱቁ እንዴት ነው?» ይላሉ። «ደህና ነው፣ እማዬ» ይላል። ለእሳቸው ልጃቸው ያ ነጭ መኪና የተደገፈው ሰው ነው። ፎቶው በመስታወት ሆኖ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው። ሲከሳ ጊዜ ባለቤቴ ኔትዎርክ የለም እያለ ካሜራውን መዝጋት ጀመረ። አማቴ ግን አልተዉትም። «ፊትህን ለምን ትደብቀኛለህ? አሳየኝ እንጂ» አሉት።

አንድ እሁድ፣ ሙቀቱ የጣራውን ቆርቆሮ በሚያስጮህበት በዚያ የታኅሣሥ ወር፣ ሁለቱን ሹራቦቹን ደርቦ ለበሰ። ከዚያ የእኔን ሰማያዊ ሹራብ ጠየቀኝ። ከላይ የሠርግ ኮቱን ደረበበት፤ ኮቱም ልክ ሆነ! አንገቱን በሻርፕ ጠቀለለ። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ፣ ፊቱ ጨለማ ውስጥ እንዲሆን። ከውጭ የአከራያችን ልጆች በጎማ ውኃ እየተራጩ ይጮሃሉ። ስልኩ ተነሳ።

«ልጄ» አሉ አማቴ ፈገግ ብለው፣ «አምሮብሃል። ወፍረሃል እንጂ!»

ባለቤቴ ጉንጩን ነፋ አድርጎ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማዬ» አለ። ላቡ ከግንባሩ ተነስቶ በአፍንጫው ጫፍ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እህቱ ልብሱን አይታ፣ «እዚያ ብርድ ነው እንዴ?» አለች። «አዎ፣ ይበርዳል» አለ። እኔ አልጋው ላይ ትራሴን ነክሼ ነው ሳቄን የያዝኩት። ስልኩ ሲዘጋ ሹራቦቹን አንድ በአንድ ገፈፍኩለት፤ ከውስጥ ልጅ የሚያህል ሰው ወጣ፣ ሁለታችንም ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። በዚያ ዓመት እንደዚያ የሳቅንበት ቀን የለም። ግን ይኼ ልማድ ሆነ። በየእሁዱ ማልበስና መግፈፍ ሲሆን ሳቁ አለቀ፣ ላቡ ብቻ ቀረ። አንዳንዴ ሥራ ቦታ ብርድ ልብስ ሳጥፍ እሱን የማጥፍ ይመስለኛል፤ ደከመኝ እላለሁ ለራሴ፣ የማስበውም ይህንኑ ብቻ ነበር።

ከገና በኋላ አማቴ አዲስ ነገር ጀመሩ። «ና» አሉት። «ስልኩ ይበቃኛል፤ አሁን ራስህ ና። ሳልሞት ና።» የባለቤቴ ፔፐር፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ከአገር ወጥቶ ለመግባት ይፈቅድለት ነበር፤ በእኛ ሰፈር ይህን ያገኘ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰበብ አልነበረውም። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። ስልኩን ዘግቶ እጆቹን አያቸው። ሹራብ ለስልክ ይሆናል፤ እናት ስታቅፍ ግን ሹራብ ምን ያደርጋል?

ከዚያ በኋላ ቤታችን የብርቱካን ሽታ ይሸተኝ ጀመር። መጀመሪያ የአከራያችን ልጆች ናቸው ብዬ ነበር። አንድ ቀን ሱቁ ቶሎ ተዘግቶ በጊዜ ስገባ፣ ባለቤቴ ከክፍላችን ጀርባ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ኮታ፣ እግሩ ሥር ትልቁ ጠርሙስ፣ ግማሹ አልቋል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

አልደነገጠም። የጎረሰውን ውጦ፣ «ትንሽ ልመለስ ብዬ ነው» አለኝ። «እንደ ድሮዬ። እስከ ፋሲካ ብቻ። አይታኝ ልመለስና ያንን ጎመን ዕድሜዬን ሙሉ እበላዋለሁ።»

«በእግርህ ነው የምትሄደው ወይስ በሣጥን?»

«አንቺ እናቴን አታውቂያትም። እንዲህ ሆኜ ካየችኝ ልቧ ቀጥ ይላል።»

ጠርሙሱን ነጥቄ መሬት ላይ ደፋሁት። ጉንዳን ወረረው። በማግስቱ ሌላ ገዛ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት፣ ጸለይኩለት፤ በቀን እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ እሱ ደግሞ ሱቅ በየማዕዘኑ ያለበት ሰፈር ውስጥ ነው። ጉንጩ እውነትም ትንሽ ሞላ። በመስታወት ያየውና ደስ ይለዋል። ከከሳ ወዲህ ድና የነበረችው የእግሩ ቁስል ግን ተመልሳ አፏን ከፈተች። ክሊኒክ ስንሄድ ነርሷ ፋሻውን ፈትታ አየችና ፊቷ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆነ። እሱን ትታ እኔን ወደ ጎን ጠራችኝ። «ሲሲ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «በዚህ ከቀጠለ እግሩን ይቆርጡታል።» በታክሲ ስንመለስ ጭኔ ላይ ያለውን መዳፉን ይዤ እግሩን ነበር የማየው። በሁለት እግሩ ቆሞ እየሸጠ ያጎረስኩትን ሰው በአንድ እግር ላስበው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

ሌላ መላ ስላልነበረኝ እህቱ ጋ ደወልኩ፤ በምሳ ሰዓት፣ ከሱቁ ጓዳ፣ ብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጬ። እስካሁን ሙሽሪት ነው የምትለኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ በሽታውን፣ ሱቁን፣ ሹራቦቹን፣ አሁን ደግሞ ለመወፈር ብሎ እግሩን ሊያጣ መሆኑን። እናትሽን አሳምኚልኝ፣ ና ማለቱን ይተዉት አልኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል ለካ እያለቀሰች ነው።

«ሙሽሪት» አለች፣ «እናቴኮ አታይም።»

«ምን?»

«ዓይኗ ከጠፋ ቆየ። ከመስቀል በፊት ነው። ጥላ እንኳ አትለይም።»

«ታዲያ እሁድ እሁድ አምሮብሃል፣ ወፍረሃል የሚሉት?»

«እንዳይጨነቅ ብላ ነዋ። ስልኩን ፊቷ ላይ እይዝላታለሁ፣ እሷ ወደ ድምፁ ትስቃለች። ና የምትለውም ለዚያ ነው፤ ማየቱ ቢቀር አጠገቧ እንዲሆን። አደራሽን፣ ለወንድሜ እንዳትነግሪው፣ አስምላኛለች።»

እኔ ግን አልማልኩም ነበር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኛ መጥቶ ምን እንደጠየቀኝ፣ ምን እንደመለስኩ አላውቅም። አንድ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ለማታይ ሴት ይለብሳል፤ አንዲት ሴት ለማታየው ልጅ አምሮብሃል ትላለች፤ እኔ መሀል ላይ ሆኜ ቁልፍ እቆልፋለሁ። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ፣ ለሁለቱም ጉልበት አጣሁ።

ዛሬ አማቴ የሉም። የእግሩ ቁስል ፋሲካን አልፎ፣ ክረምቱንም አልፎ ነው የደረቀው፤ እሳቸው ያን ያህል አልቆዩለትም። ሄዶ የደረሰው ለለቅሶ ነው። በመቃብራቸው ላይ ቆሞ ምን እንዳላቸው አልነገረኝም፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ግን ያ እሁድ አለን።

ለእህቱ ከደወልኩ በኋላ የመጀመሪያው እሁድ ነበር፤ ከቸርች ተመለስን። እንደ ልማዱ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ የመጀመሪያውን ሹራብ በአንገቱ ሊያስገባ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ተወው» አልኩት። «አያዩህም።»

«ኔትዎርክ የለም?»

«ዓይናቸው ነው። ጠፍቷል። ከመስቀል በፊት ጀምሮ።»

ሹራቡ አንገቱ ላይ እንዳለ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከመስጊዱ የአዛን ድምፅ ተሰማ፣ ቆመ፣ እሱ አሁንም እንደዚያው ነበር። ከዚያ ሹራቡን አውልቆ ወለሉ ላይ ጣለና በካናቴራ ብቻ፣ የአንገቱ አጥንት ሁሉ እየታየ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ብርሃኑ ላይ ተቀመጠ። ደወለ። እህቱ አነሳች፤ ፊቱን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከጀርባዋ ዶሮ ሲጮህ ይሰማል። ስልኩን ወደ እናትየው አዞረችው።

«እማዬ» አለ፤ ቀጥሎ ያለውን በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው። «ሱቁን ሸጬዋለሁ። ስኳር አሞኛል። የሚሠራው ሚስቴ ናት፣ እኔ ቤት ሆኜ አበስላለሁ። ከስቻለሁ። በጣም ከስቻለሁ።»

አማቴ አልደነገጡም። ፊታቸው ከስልኩ ትንሽ ወደ ጎን ዞሮ፣ ጆሯቸው ነው ወደ እኛ የቀረበው።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ድምፅህ ከስቷል። ከሳ ካለ ቆይቷል።»

«ታዲያ ለምን ወፍረሃል ትይኝ ነበር?»

«እንድትወፍር» አሉ።

ባለቤቴ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከጣቶቹ መሀል፣ «ዓይንሽስ?» አለ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግለታለህ? ትከሳለህ እንጂ።» ከዚያ ድምፃቸው ተቀየረ፤ የሚያውቁትን ነገር ያገኙ ይመስል ነበር። «ምሳ በላህ?»

«ገና ነኝ።»

«ራስህ ነህ የሠራኸው?»

«ራሴ ነኝ።»

«ጉድ» አሉ፣ ሳቃቸውም እንባቸውም አንድ ላይ መጣ። «እንግዲያው አሁን ብላ። ልስማህ።»

ስልኩን የውኃ ማሰሮው ላይ አስደግፌ ምሳውን አቀረብኩ። የተቀቀለው ጎመን፣ ባቄላው፣ ከዳር ደግሞ ጥሬ ካሮት። ሁለታችንም ተቀመጥን። እሱ ጎመኑን ጎረሰና እንደ ጨዋ ልጅ አፉን ገጥሞ አላመጠ። አፍ ከፍቶ ማላመጥ በእኛ ቤት ነውር ነው፤ ያን ነውር ያስተማሩትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«አልሰማሁም» አሉ አማቴ።

ካሮቱን አነሳና ነከሰው። ቀጭ አለ።

«እሰይ» አሉ። «ሌላም።»

ደግሞ ነከሰ። አፉን ከፍቶ፣ ድምፁ ሆሳዕና ድረስ እንዲሄድ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ አላመጠላቸው። ካሮቱ ሲያልቅ የእኔን ሰጠሁት።